የእናት እግር፣ የልጅ ጋብቻ

እኅቶቼ፣ በስታዲየም በኩል ስትመላለሱ እግሩ እንደ ግንድ ያበጠ የገጠር ሰው አይታችሁ ይሆናል። «ዝሆኔ ነው» እንልና መንገድ እንለውጣለን፤ አውቶቡስ ውስጥም ይጋባብኛል ብሎ ከአጠገቡ የሚነሣ አይጠፋም።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚሁ ስታዲየም አጠገብ አብራኝ ስለምትኖር የታላቅ እኅቴ ልጅ ብዬ ነው። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ጎጃም ያለችው እናቷ እግር ማበጡ ተሰማና «በዘራቸው አለ» ተብሎ ጋብቻው ቀረ። የልጅቱ እግር ግን አንዳች የለበትም።

በዘር አለ የተባለው ግማሽ እውነት ነው። በቀይ አፈር ደጋ የሚታየውን ይህን እብጠት ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ጀርም አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። (በቆላ ትንኝ የምታመጣው ሌላ ዝሆኔ አለ፤ እርሱን ለሐኪም እንተወው።) ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ እግሩም ይቆጣል፣ ያብጣል።

ታዲያ ሁሉ ያረሰ ለምን አይታመምም? በደማችን ውስጥ ባዕድ ነገር ይዘው፣ ቲ ሴል ለሚባሉት ተከላካዮች የሚያሳዩ ሴሎች አሉ። የሚያሳዩበት መያዣ የሚሠራው ከእናትና ከአባት በወረስነው ዘረ መል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አመሳክረው፣ ልዩነቱን በዚሁ ዘረ መል አካባቢ አገኙት። በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሕሙማኑን ደም መርምሮ፣ ቲ ሴሎቹም ባዕዱን የሚያሳዩትም ሴሎች በዚያው አገር ካሉ ጤነኞች ይልቅ የተቆጡ መሆናቸውን አሳየ። አቧራ ባየ ቁጥር ፊሽካ የሚነፋ ዘበኛ ያለበትን ሰፈር አስቡት፤ ሌባ ባይመጣም እንቅልፍ የለም።

እንግዲህ የሚወረሰው ይህ ቁጡነት ነው፤ እብጠቱን የሚያመጣው አፈሩ ነው። ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ባስረዳቸው፣ «እናቷስ ስታገባ ደኅና አልነበረችምን?» አሉኝ። ደኅናማ ነበረች። ነገር ግን እስከምትዳርም፣ ከዚያም በኋላ፣ ጫማ የሚባል አታውቅም፤ ልጅቱ ደግሞ ዳዴ ከተወች ጀምሮ ጫማ ከእግሯ አልተለየም። አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የልጁ እናት ግን አልተመለሱም።

ለታመመውም ቢሆን ዘዴ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበትና በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ምን ያህል እንደሚረዱ መዝኗል። ትኩሳትና ሥቃይ ይዞ የሚነሣው ሕመም ይህን እርዳታ ባላገኙት ላይ በዓመት 24 ጊዜ ያህል ሲመላለስ፣ ባገኙት ላይ ወደ 19 ወርዷል። ተአምር አይደለም፤ ለምታርስና ለምትፈጭ ሴት ግን በዓመት አምስት ጊዜ ከመተኛት መዳን ቀላል ነገር አይደለም።

አገር ቤት ዘመድ ያላችሁ ገንዘብ ስትልኩ የልጆቹን የእግር ቁጥር ጠይቁ። ቀዳዳ ያለው ኮንጎ ጫማ ጭቃውን ያስገባልና ድፍኑን ምረጡ፤ ካልሲም ጨምሩበት።