«አይቻልም!» ያለው ሰውዬ ልክ ነበር



ዛሬ ረዘም ያለች ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ቡና የያዘ ቡናውን ይዞ ቁጭ ይበል፤ የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብባት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይንስ ልብ ወለድ በሚባለው ነገር ውስጥ፣ መጽሐፍም ይሁን ፊልም፣ ሁሌ የማይቀር አንድ ጠብ አለ። በአንድ ወገን «ተው፣ አትንካ፣ አይከፈትም» የሚል አለቃ፤ በሌላ ወገን «ለምን?» የሚል እንቢተኛ። እኛ አንባቢዎቹ ለማን እንደምናዳላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይታወቃል። አለቃው ወይ ፈሪ ነው፣ ወይ የደበቀው ወንጀል አለ። ልጁ በሩን ሰብሮ ይገባል፣ እውነቱ ይወጣል፣ እናጨበጭባለን፣ አለቀ።

ይሄን ልማድ የገለበጠ አንድ ታሪክ አለ። ካነበብኩት ቆይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አልለቀቀኝም። አሜሪካዊው አይዛክ አሲሞቭ (ሰውዬው የባዮኬሚስትሪ መምህርም ነበር) በኤፕሪል 1956 ያወጣው «ዘ ዴድ ፓስት» ነው። «የሞተው ትናንት» ብንለው ያስኬዳል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወደፊት በሚመጣ ዘመን ያለፈውን ጊዜ እንደ ቴሌቪዥን የሚያሳይ ማሽን አለ። ማሽኑ ያለው መንግሥት እጅ ብቻ ነው። ማየት የፈለገ ምሁር ማመልከቻ አስገብቶ ይጠብቃል። አርኖልድ ፖተርሊ የሚባል የጥንት ታሪክ ፕሮፌሰር ካርቴጅን ማየት ፈለገ፤ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ያወደሟትን፣ ፍርስራሿ ዛሬ ቱኒዚያ ውስጥ ያለውን ከተማ። የካርቴጅ ሰዎች ልጆቻቸውን ለጣዖት በእሳት ያቃጥሉ ነበር ይባላል። ፖተርሊ «ይሄ የጠላት ስም ማጥፋት ነው» ብሎ ያምናል፣ በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይፈልጋል።

ደጅ ጠና፣ ተመላለሰ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ታዴየስ አራማን የሚባል ሰው ነው። ሰውዬው አይቆጣም፣ አይሳደብም። መልሱ ግን አንድ ነው፦ አይቻልም። ለምን? የሚያጠግብ ምክንያት የለም።

ፖተርሊ ተስፋ ቆርጦ ጆናስ ፎስተር የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ጋ ሄደ። በዚያ ዘመን አንድ ምሁር ከተመደበለት መስክ ወጥቶ መመራመር እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ፎስተርም መጀመሪያ ለእንጀራው ፈራ። ግን አንድ ነገር ከነከነው። ማሽኑ የሚሠራው ኒውትሪኖ በሚባሉ ቅንጣቶች ነው ይባላል፤ ታዲያ ይሄ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለምን አይሰጥም? አያችሁ፣ ሰውዬውን ያስነሳው ራሱ ክልከላው ነው። የሳይንስ ጸሐፊ የሆነው አጎቱ ኒሞ መረጃ አቀበለው፣ በፖተርሊ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ማሽኑን ሠራው። ያውም በትንሽ ወጪ፣ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው በሚችል መልኩ።

(ፊዚክስ ለምትወዱ አንድ ጉርሻ፦ ኒውትሪኖ መኖር አለበት ብሎ ፓውሊ የገመተው በ1930 ነው። ሬይነስና ካዋን በሙከራ አገኘነው ብለው ለፓውሊ ቴሌግራም የላኩት ግን በጁን 1956 ነው። አሲሞቭ ታሪኩን ያወጣው ሁለት ወር ቀድሞ ነበር!)

አሁን ነገሩ የሚከብድበት ቦታ መጣን። ማሽኑ ካርቴጅን አያሳይም። ከመቶ ዓመት ብዙም ወደ ኋላ ሳይሄድ ምስሉ ይጠፋል። ፖተርሊና ሚስቱ ካሮላይን ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ሕፃን ልጃቸው በቤት ቃጠሎ ሞታባቸዋለች። ካሮላይን ማሽኑ ቤቷ ውስጥ እንዳለ ስታውቅ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጇን እንደገና ማየት። ፖተርሊ ይሄን ሲሰማ ደነገጠ። ሚስቱ ቀሪ ዕድሜዋን በሙሉ እስክሪን ላይ አፍጥጣ፣ ከሞተች ልጅ ጋር ስትኖር ታየው። ሌላም የሚፈራው ነገር ነበረው፤ ያን እሳት የለኮሰው የራሱ ሲጋራ እንዳይሆን። ካርቴጅን ከሕፃናት ቃጠሎ ነፃ ለማውጣት ያን ያህል የደከመው ለምን እንደሆነ የሚገባን እዚህ ጋ ነው።

ፖተርሊ ፎስተርን «ተወው» ብሎ ለመነው። ፎስተር እንቢ አለ፤ የሳይንስ ነፃነት ነው፣ አሳትመዋለሁ አለ። ፖተርሊ በገዛ እግሩ ሄዶ ለአራማን ተናዘዘ። አራማንም በመጨረሻ አፉን ከፈተ። ያለውን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ ትናንት የሚጀምረው መቼ ነው? የዛሬ ሃምሳ ዓመትን የሚያሳይ ማሽን ትናንት ማታንም ያሳያል። ከአንድ ሰከንድ በፊት የሆነውንም ያሳያል። ከአንድ ሰከንድ በፊት ማለት ደግሞ አሁን ማለት ነው። ማሽኑ እያንዳንዱ ቤት ከገባ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ባል ሚስቱን፣ አለቃ ሠራተኛውን ቁጭ ብሎ ያያል። ግድግዳ፣ መጋረጃ፣ ምስጢር የሚባል ነገር አበቃ። መንግሥት ዝም ያለው ለዚህ ነበር።

እና ፎስተር ገባው? ገባው፤ ግን መሽቷል። አጎቱ ኒሞ የማሽኑን አሠራር ለሚያውቃቸው የዜና ማሠራጫዎች አስቀድሞ ልኮታል። ታሪኩ የሚያልቀው አራማን ሦስቱንም በመራራ ስላቅ ሲሰናበታቸው ነው። የታሰረም የተቀጣም የለም፤ ማንን ለማዳን ይታሰራሉ?

ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ ነው ያልኩት። «አይቻልም» ያለው ሰውዬ ልክ ነበር! «ለምን?» ያሉት ሰዎች ደግሞ ክፉ አልነበሩም። ታዲያ ጥፋቱ የማነው?

ይሄን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አቀረብኩት። አጋጣሚው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የአንዲት ልጅ ሳታውቅ የተቀረጸች ቪዲዮ በቴሌግራም ዞረች። ምንም ነውር የሌለባት፣ ልጅቷ ስታለቅስ የምታሳይ አጭር ቪዲዮ ናት። ልጅቷ ግን ለሳምንታት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ወዲያው ጠዋት ሰልፍ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው!» ተባለ። ለምን እንደሆነ አንድ ቃል አልተነገረም። በማግስቱ ስልኮቹ ካልሲ ውስጥ ገቡ። በሳምንቱ ደግሞ አንዳንዱ ልጅ ስልክ የሚያመጣው ሊደውልበት ብሎ አይደለም፤ በር ላይ ያለውን ፈታሽ መሸወድ ራሱ ጨዋታ ሆኖለት ነው።

ፔሬዱ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የአሲሞቭን ታሪክ ነገርኳቸው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ልክ ከሆነ ለምን አልነገራቸውም?»

ሌላው ልጅ ከመስኮቱ ጋ ሆኖ መለሰላት። «ቢነግራቸውማ ይሠሩታል! እንደሚቻል አወቁ ማለት እኮ ነው።»

እውነቴን ነው፣ ዲግሪ የጫነ ሰው ከዚህ የተሻለ አይከራከርም። ሁለቱም የያዙት እውነት ነው። አንዳንድ አደጋ አለ፣ ምክንያቱን መናገር ራሱ መንገዱን ማሳየት የሚሆንበት። አራማን የተጨነቀው ለዚህ ነው፣ ሰውዬውን ሞኝ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ግን ታሪኩን መልሳችሁ እዩት። ከሦስቱ እንቢተኞች ውስጥ በራሱ ፈቃድ የቆመው ማነው? ፖተርሊ። ለምን ቆመ? አደጋው ምን እንደሆነ ስለገባው! ዘበኛ አላስፈለገውም፤ በር ቆልፎ የሚጠብቀው አላስፈለገውም። ያን ሁሉ ጊዜ «አይቻልም» ሲባል ያልተመለሰ ሰው፣ ምክንያቱን ባወቀ ማግስት በእግሩ ሄዶ እጁን ሰጠ።

«ፎስተርስ? ፖተርሊ ለምኖት የለም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ለፎስተር የተነገረው ግን የምክንያቱ ቁራጭ ነው፣ ያውም በመጨረሻው ሰዓት። በዚያ ላይ እስከዚያ ድረስ ያለ ምክንያት በተዘጋ በር ሁሉ ሲናደድ የቆየ ልጅ ነው። ያለ ምክንያት የተባለ እያንዳንዱ «አይቻልም» ከአንድ ካዝና ይወጣል፤ ካዝናው እምነት ይባላል። እውነተኛው አደጋ የመጣ ዕለት ካዝናው ባዶ ከሆነ፣ የሚያድነው «ተው!» እንደ ሌላው «ተው» ሁሉ ይሰማል።

ይሄ እኔ የማውቀው ነገር ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ነበረው፤ ቁልፉ ግን ከአንድ ሰው ኪስ አይወጣም ነበር። በመስኮት አፍንጫችንን መስታወቱ ላይ ለጥፈን ማይክሮስኮፑን እናይ ነበር። «ትሰብራላችሁ፣ አትንኩ!» ነው መልሱ። ቤከሩም አይነካም፣ የውኃው ቧንቧም አይነካም፣ ሰልፈሪክ አሲዱም አይነካም። ሁሉም እኩል ተከልክሏል። ሁሉም እኩል ሲከለከል ልጅ የቱ «አትንካ» ዓይን እንደሚያጠፋ፣ የቱ ደግሞ ለሰውዬው ምቾት ሲባል የተባለ እንደሆነ በምን ይለየው?

ዛሬ እኔ አሲድ ሳሳይ «አትንኩ» ብዬ አላቆምም። አሲዱን ቀስ እያላችሁ ውኃው ላይ፣ ውኃውን ግን በፍጹም አሲዱ ላይ አትጨምሩ እላለሁ። ለምን? ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ ሙቀት ይወጣል፤ ትንሽ ውኃ ብዙ አሲድ ላይ ከፈሰሰ ቦታው ላይ ፈልቶ አሲዱን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ይሄን የሰማ ልጅ እኔ በሌለሁበትም ይጠነቀቃል። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን አይደል? ተረቱ ራሱ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ «ምከረው» ነው የሚለው። እኛ ምክሩን ዘለን መከራው ጋ እንሄዳለን።

«ይሄ የክፍል ወሬ ነው፣ በትልቁ ዓለም አይሠራም» የሚል ካለ አንድ የሆነ ነገር ልንገረው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሳይንቲስቶች የአንዱን ፍጡር ዲ ኤን ኤ ቆርጠው ከሌላው ጋር መቀጠል ቻሉ። አንዳንዶቹ ፈሩ፤ ከላቦራቶሪ የሚያመልጥ አደገኛ ባክቴሪያ ብንፈጥርስ? በ1974 በፖል በርግ የሚመሩ ተመራማሪዎች በግልጽ ደብዳቤ «አንዳንዶቹን ሙከራዎች ለጊዜው እናቁም» አሉ፤ ለምን እንደሆነም በሳይንስ መጽሔት ላይ አስነበቡ። በፌብሩዋሪ 1975 ወደ 140 የሚሆኑ ሰዎች ካሊፎርኒያ፣ አሲሎማር በሚባል ቦታ ተሰበሰቡ፣ ጋዜጠኛም ገባ። ተከራከሩ፣ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ እንደ አደጋው መጠን የጥንቃቄ ደረጃ አወጡ፤ ቀላሉ በቀላሉ፣ ከባዱ በከባዱ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ እንዳይነካ። በ1982 በዚያው ጥበብ፣ በባክቴሪያ የተሠራው የሰው ኢንሱሊን ለሕሙማን ተፈቀደ። ጥንቃቄው የማወቅ ጉጉትን አልገደለውም። የከለከሉት ሰዎች ራሳቸው ጠያቂዎቹ ስለነበሩ፣ ክልከላውን ሰብሮ መግባት ጀግንነት የሚሆንበት ምክንያት አልነበረም።

ደግሞ ለእንቢተኞቹም አንድ ቃል አለኝ፤ ሁሌ ለእነሱ አናጨብጭብ። በ1979 የወጣውን «ኤሊየን» ፊልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ፊቱ ላይ ባዕድ ፍጡር የተጣበቀበትን ባልደረባቸውን ይዘው ወደ መርከቧ ሊገቡ ሲሉ፣ ሪፕሊ በሩን አልከፍትም አለች። ሕጉ የ24 ሰዓት ኳራንቲን ነው፤ ብናስገባው ሁላችንም ልንሞት እንችላለን ብላ ምክንያቷን ነገረቻቸው። በሩን የከፈተው አሽ የሳይንስ ባለሙያው ነው፤ ያዘነላቸው መስሎ። ኋላ ሲታይ ፍጡሩን አምጣ የሚል ምስጢራዊ ትእዛዝ ነበረው። አንዳንዴ በር ሰባሪው የሌላ ትልቅ አለቃ ተላላኪ ነው። ስለዚህ «ለምን ተዘጋ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ለማን ጥቅም ነው የሚከፈተው?» ብሎም ይጠይቅ።

የስልኩ ነገር ምን ሆነ ለምትሉ፦ ክልከላው እንዳለ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። በእኔ ክፍል ግን ስለ ቪዲዮዋ በግልጽ አወራን፣ የልጅቷን ስም ሳናነሳ። የአሲሞቭ ማሽን ኪሳችሁ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። ያቺን ቪዲዮ ማን እንደቀረጸ አልጠየቅኩም። ከሳምንት በኋላ አንድ ልጅ ብቻውን መጥቶ «ቲቸር፣ እኔ ጋ ደርሳኝ ነበር፣ ላኩልኝ ሲሉኝ እንቢ አልኩ፣ አጠፋኋት» አለኝ። አንድ ልጅ ነው፣ ብዙ አይደለም። ግን ፈታሽ ኪሱን ቢበረብር ኖሮ ስልኩን እንጂ ይቺን ውሳኔ አያገኝም ነበር።

ወላጅ የሆናችሁ፣ አለቃ የሆናችሁ፣ እንደ እኔ ጠመኔ የያዛችሁ፦ «አይቻልም» የሚለውን ቃል ተዉት አልልም፤ የሚያድን ቃል ነው። ግን ቀጥላችሁ «ምክንያቱም…» በሉ። ምክንያቱን መናገር የማይቻልበት ጊዜ ካለ፣ ቢያንስ «ምክንያት አለኝ፣ አሁን ልነግርህ አልችልም፣ መቼ እንደምነግርህ ግን ይኸውልህ» በሉ። ልጆች ይሄን ይረዳሉ፤ እኛ ከምናስበው በላይ ይረዳሉ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እስኪ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ እናንተ ፎስተርን ብትሆኑ ማሽኑን ታሳትሙት ነበር? አራማንን ብትሆኑስ ምን ትሉ ነበር? በነገራችን ላይ «ቲቸር ትክክል ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፣ ምክንያቱም… ምክንያቱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

መልካም ሰንበት!