በአውቶሞቢል ሰሌዳ ላይ ስለሚታዩ መብራቶች

አውቶሞቢል የሚነዳ ሰው ቁልፉን በመጀመሪያ ባዞረ ጊዜ፥ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፥ በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ቀይና ብጫ የሆኑ ትንንሽ መብራቶች ባንድነት ሲበሩ ያያል። አንዳንዱ ሰው እንደ ጌጥ ቈጥሮ ሳይመለከታቸው ያልፋል፤ አንዳንዱም ምሥጢሩን ባለማወቅ ይደነግጣል። ሁለቱም የሚገባ አይደለም። የዘብ አለቃ ስም ሲጠራ ዘበኞቹ «አለሁ» እንደሚሉ፥ መብራቶቹም በዚያች ሰዓት ለሥራቸው መኖራቸውን ያስታውቃሉ።

የምልክቶቹ ሥዕል ኢሶ 2575 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ በጃፓን የተሠራውንም በጀርመን የተሠራውንም በአንድ ትምህርት ማንበብ ይቻላል። ከአፉ ጠብታ የሚወርድ ማንቆርቆሪያ የመሰለው ቀይ መብራት የሞተሩን ዘይት ግፊት ይጠብቃል። ሞተሩ ሳይዞር ግፊት የለምና ይበራል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን በጥቂት ሴኮንድ ይጠፋል። በባትሪ አምሳል የተሣለውም ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ሲጀምር ይጠፋል። የፍሬኑ መብራት የእጁ ፍሬን እስኪለቀቅ ይቈያል፤ ከተለቀቀ በኋላ ካልጠፋ ግን የፍሬኑ ዘይት ጐድሎ ይሆናልና ሳይመረመር መንገድ መጀመር አይገባም።

ቀለማቸውም የተለየ ትርጓሜ አለው። በመንገድ ላይ ቀዩ ሲበራ ደኅና ስፍራ ፈልጎ መቆም ያስፈልጋል። ብጫው ግን ሳይዘገዩ ለመካኒክ ማሳየት እንደሚገባ ያመለክታል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑት አንድ ነገር በሥራ ላይ መሆኑን ብቻ ይናገራሉ። በሞተር አምሳል የተሣለው ብጫ መብራት ብልጭ ድርግም ቢል፥ ነዳጁ በሚገባ ሳይቃጠል እየወጣ የጭሱን ማጣሪያ ሊያበላሽ ስለሚችል፥ ፍጥነትን መቀነስ ይገባል።

ይሁን እንጂ ከበራው ይልቅ ፈጽሞ ያልበራው የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ ለብዙ ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ አውቶሞቢል ሊገዛ ሄደ። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አስነሥቶ ቈየውና «እነሆ፥ አንድ ቀይ መብራት እንኳ የለም» ብሎ ሰሌዳውን አሳየው። ጸሓፊውም ደስ ብሎት ገንዘቡን ከፈለ። ጥቂት ሳምንት ሳይቈይ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሞተሩ ሲንኳኳ ቈይቶ ደርቆ ቀረ። መካኒኩ ሰሌዳውን ቢፈታው የዘይቱ መብራት አምፑል ተነቅሎ ተገኘ። የዘይቱ ግፊት ከወረደ ሰንብቷል፤ ብረትም ከብረት ጋራ ሲፋጭ ከርሟል፤ ነጋሪው ግን አንደበቱን አስቀድሞ ተነጥቋል። ምስኪኑ ጸሓፊ ለሌላ ሞተር መግዣ የአውቶሞቢሉን ዋጋ እኩሌታ ያህል ተበደረ።

የቅኔ ተማሪ ኅብር የሚለው፥ አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ ነው። የመብራት መጥፋትም እንዲሁ ሁለት ይተረጐማል፤ አንዱ «ሁሉ ደኅና ነው» ማለት ሲሆን፥ ሁለተኛው «ጠባቂው ሞቷል» ማለት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሰሌዳውን ያየ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሊለይ አይችልም። የሚለዩት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ባሉት በጥቂቶቹ ሴኮንዶች ነው።

ስለዚህ ነጂ ሁሉ ቁልፉን አዙሮ ጥቂት ይታገሥ፤ የትኛው እንደ በራ፥ የትኛውም እንደ ጠፋ ያስተውል። የዘይቱ መብራት ግፊትን እንጂ መጠንን አይናገርምና፥ መጠኑን በመለኪያው ዘንግ ይመልከት። ያገለገለ አውቶሞቢል የሚገዛም ሰው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቁልፉን ተቀብሎ ራሱ ያስነሣው። ሻጩ ቁልፉን መስጠት ቢከብደው፥ ገዢው ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ።