ጋዜጣው ሲጠይቅና ሲጠየቅ

በዛሬ ዘመን ጋዜጣ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን በጣት የሚነካም ነገር መሆኑን የተረዳሁት፣ መምህራችን በኮምፒዩተር ክፍል ስለ ዓለም ጋዜጦች የኢንተርኔት ገጾች ባስረዱን ቀን ነው። ይኸውም አንባቢው ራሱ ቍጥር እየጻፈ፣ ካርታ እየነካ፣ ለጥያቄ መልስ እየሰጠ ወሬውን የሚያገኝበት አሠራር ነው።

ከሁሉ የማረከኝ ቢቢሲ በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ሕዝብ 7 ቢሊዮን ሊሞላ ሲል ያወጣው ነው። አንባቢው የተወለደበትን ቀን ሲጽፍ፣ በዚያን ጊዜ በምድር ላይ በሕይወት ከነበሩት ሰዎች ስንተኛው እንደ ሆነ ይነግረው ነበር። ማታ እናቴን ልደቴን ብጠይቃት «በ2000 ዓመተ ምሕረት ነዋ! ጥቅምት፣ ጤፉ ሲያሸት» አለችኝ። ቀኑንስ ብላት «ቀኑ ምን ያደርግልሃል!» አለች። 2000ን እንዳለ ብጽፈው ኖሮ በፈረንጆቹ አቈጣጠር ሰባት ዓመት አርጅቼ እገኝ ነበር።

ኒው ዮርክ ታይምስም በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ አንባቢው 25 ጥያቄዎችን ሲመልስ አነጋገሩ የየትኛውን የአሜሪካ ክፍል ሰው እንደሚመስል በካርታ የሚያሳይ ገጽ አወጣ። በዚያ ዓመት ካወጣው ሁሉ ብዙ ሰው የጎበኘው እርሱ ሆነ። (የጎጃምን፣ የጎንደርንና የወሎን አነጋገር የሚለይ እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖር በክፍላችን ስንት ክርክር በተነሣ!)

አያቴ ግን ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምድ ለአንባብያን ጥያቄ መልስ ይሰጥ እንደ ነበር አጫወቱኝ። «ያን ጊዜ ጠያቂው አንባቢው ነበር፤ ያሁኑ ጠያቂ ግን ጋዜጣው ነው» አሉ።

የአያቴ ነገር የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። ከተመለሰ በኋላ የክልላችንን ግጭት በነጥብ የሚያሳይ አንድ ካርታ አገኘሁ። ደብረ ማርቆስን ብነካት ቀንና ቍጥር አወጣች፤ ከዚያ በቀር ምንም የለም። በዚያ ቀን እኔ የት እንደ ነበርሁና ምን እንደ ሰማሁ አውቃለሁ፤ የምጽፍበት ቦታ ግን አልነበረም። ካርታውን ለመሥራት የተደከመውን ድካም አልንቅም፤ እኛ ባንናገርም ቢያንስ ቈጥሮናል።

እናቴ አጠገቤ ቆማ ታይ ስለ ነበር «አንቺን ጠይቂ ቢሉሽ ምን ትጠይቂያለሽ?» አልኋት።

«ወደ ብቸና የሚወስደው መንገድ መቼ ይከፈታል እላቸዋለሁ፤ እኅቴን ካየኋት ሁለት ፋሲካ አለፈ» አለችኝ።