ሲስተር ቡና አይጠጡም

ባለፈው ሴሚስተር ስለ አሜሪካ ምርጫ ስንማር አንድ የክፍላችን ልጅ እጁን አወጣና «ዩታ ላይማ መከራከር ምን ያደርጋል? ሞርሞኖች ናቸው። ሞርሞን ደግሞ ሪፐብሊካን ነው፣ አለቀ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችንም ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፉ። እኔ ግን የምለው እያለኝ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት አንድም ልጁ ከሞላ ጎደል እውነቱን ስለሆነ ነው። ሁለትም ይህንኑ ነገር እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በአንዲት ሴትዮ ፊት ተናግሬው እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ ነው። ያን ቀን በአፌ ያልተናገርኩትን እነሆ በዚህች መጽሔታችን ልጻፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከ2018 መጸው እስከ 2019 ክረምት መግቢያ፣ ዩታ ውስጥ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ተምሬያለሁ። አክስቴ ከሶልት ሌክ ሲቲ በስተደቡብ በምትገኘው ዌስት ጆርዳን ሁለት ልጆቿን ይዛ ተከራይታ ትኖር ነበር። ሥራዋ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍና ክፍል ማጽዳት ነው፤ እሱም በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ከሞላላት ነው። ስኳር ስላለባት ኢንሱሊን ትወጋለች። ግሪን ካርድ ካገኘች ሰባት ዓመት ቢሆናትም ዜግነት ገና አልወሰደችም ነበር።

ከጎናችን ያለው ቤት የአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበር። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው በየክፍለ ግዛቱ ተበትነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረምሶች እየመጡ ሣራቸውን ሲያጭዱላቸው «ሲስተር! ሲስተር!» እያሉ ሲጠሯቸው አክስቴ ትሰማለች። መቼም እኛ አገር ሲስተር ማለት ነርስ ነው። አንድ ቀን ስኳሯ ከፍ ብሎ ሲያዞራት የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ይዛ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች። እኔም ተከተልኳት። ሴትዮዋ «ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ እንጂ መርፌ ይዤ አላውቅም» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሴቱ ሁሉ ሲስተር፣ ወንዱ ሁሉ ብራዘር ነው የሚባለው!

ሳቁ ሲያበቃ ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበቡና «እንደ ቀኑማ ይኼ ማለቅ የነበረበት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። እንዴት ተረፈ?» አሉ። የሒሳብ አስተማሪ አይደሉ! አክስቴ አንገቷን ደፋች። የአንድ ወሩን መድኃኒት ለሁለት ወር እያብቃቃች ስትወጋ ነው የከረመችው። እኔም አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር (ከነርስነት ቢሻሩም ስሙ ጸንቶባቸው ቀረ) እሑድ ከሰዓት በኋላ ለቡና እየመጡ ይቀመጡ ጀመር። ሞርሞኖች ቡና አይጠጡም። አክስቴ መጀመሪያ «ቡናዬን ናቁት እንዴ?» ብላ ቅር ብሏት ነበር። በኋላ ግን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት የምግብ ጊዜ ጾመው የምግቡን ዋጋ ለድሃ እንደሚሰጡ ስትሰማ «ጾም የሚያውቅ ሰው ነውር የለበትም» ብላ ፈረደችላቸው። እሳቸውም ፈንዲሻውን እየቆረጠሙ፣ ዕጣኑን እያሸተቱ፣ በሲኒ የቀረበላቸውን ሙቅ ውኃ እስከ በረካ ይጠጡ ነበር።

ጥቅምት ላይ በሲስተር ደጅ ሁለት የቅስቀሳ ሰሌዳዎች ተተከሉ። አንደኛው ለምክር ቤት የሚወዳደረው የዴሞክራቱ የቤን ማክአዳምስ ነው። ሁለተኛው «ሐሳብ ቁጥር 3»ን ደግፉ የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 የወጣው የኦባማ የጤና ሕግ ሜዲኬይድ የሚባለውን የድሆች መድን ገቢያቸው እስከ ድህነት ወለሉ 138 በመቶ ለሆነ ሁሉ ለማስፋት ያለመ ነበር። በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ለክፍለ ግዛቶች ተወው። ዩታ ዓመታት ስታመነታ በመሐል እንደ አክስቴ ያሉ ሰዎች ወደቁ። ገቢዋ ለነባሩ ሜዲኬይድ በዛ ተባለ፣ በመንግሥት ድጎማ መድን ለመግዛት ደግሞ አነሰ ተባለ። ሐሳብ ቁጥር 3 ይህን ክፍተት ለመድፈን በዜጎች ፊርማ ለሕዝብ ውሳኔ የቀረበ ነው። ወጪው የሚሸፈነው ከምግብ ውጪ ባሉ ዕቃዎች የሽያጭ ታክስ ላይ 0.15 በመቶ በመጨመር ነው፤ በመቶ ዶላር አሥራ አምስት ሳንቲም መሆኑ ነው። ሲስተር በዚያ ዓመት በየቤቱ እየዞሩ ፊርማ ሲያሰባስቡ ነበር።

እኔ ግን ትምህርት ቤት ከሰማሁት ጋር አልገጥም አለኝ። አንድ እሑድ ቡናው ላይ ድንገት «እርስዎ ግን እውነተኛ ሞርሞን ነዎት?» አልኳቸው። አክስቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ሲስተር ሲኒያቸውን አስቀመጡና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ባለፈው ሳምንት ከአጥቢያችን አንድ ሰው ሰሌዳዬን አይቶ በጣም በትሕትና ‹እምነትሽ ላይ ጥርጣሬ ገባሽ እንዴ? እንጸልይልሽ?› አለኝ። አርባ ዓመት ያውቀኛል። ባለቤቴ ሲሞት ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። አንተ ደግሞ ሁለት ወርህ ነው። ሁለታችሁም የጠየቃችሁኝ አንድ ጥያቄ ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ይቀራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን መጥተው ያስተምሩኝ ጀመር። መጀመሪያ ታሪክ ነው። ሪፐብሊካን ፓርቲ በ1856 የመጀመሪያውን የፕሬዚዳንት ምርጫውን ሲያካሂድ ባርነትንና የሞርሞኖችን ከአንድ በላይ ማግባት «መንትያ የአረመኔነት ቅሪቶች» ብሎ አብሮ ነበር የኮነናቸው። ስለዚህ የጥንቶቹ የዩታ ሞርሞኖች ሪፐብሊካንን የሚያዩት እንደ አሳዳጃቸው ነበር። በ1896 ሐኪሟ ማርታ ሂዩዝ ካነን በዴሞክራትነት ተወዳድራ፣ ከሪፐብሊካን ዕጩዎች አንዱ የነበረውን የገዛ ባሏን ጭምር አሸንፋ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የክፍለ ግዛት ሴናተር ሆነች። ዩታ ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አራት ጊዜ መርጣለች። ለዴሞክራት ፕሬዚዳንት ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅዋን የሰጠችው በ1964 ለሊንደን ጆንሰን ነው። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ ጽንስ ማስወረድና የሴቶች እኩልነት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲነሳ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሁለቱንም ተቃወመች፤ ምእመናኑም እየጠቀለሉ ወደ ሪፐብሊካን ሄዱ። «እኔ አልሄድኩም። ቤቱ ነው ከሥሬ የተንቀሳቀሰው» አሉ ሲስተር።

በዘመናቸው ብቻቸውን እንዳልሆኑም ነገሩኝ። የኔቫዳው ሃሪ ሪድ ሞርሞን ሆኖ ከ2007 እስከ 2015 በሴኔት የዴሞክራቶች አብላጫ መሪ ነበር። በ2007 ወደ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ፣ ዴሞክራት የሆነው ሞርሞንነቱ ሳያግደው ቀርቶ ሳይሆን ሞርሞንነቱ ራሱ ስለመራው እንደሆነ ተናግሯል። ሲስተርም ሊበራል ያደረገኝ መጽሐፌ ነው ይሉ ነበር። በመጽሐፈ ሞርሞን ውስጥ ቢንያም የሚባል ንጉሥ ሕዝቡን ሲመክር፣ ለማኝን «በገዛ ጥፋቱ ነው የደኸየው» ብሎ እጅን መሰብሰብ ኃጢአት መሆኑን ያስተምራል። «ቅስቀሳ ስሄድ ከዚህ የተለየ አልናገርም» አሉ።

አንድ ቀን ደፈር ብዬ ስለ ጥቁሮች ጠየቅኳቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ለጥቁር ወንዶች ክህነት የፈቀደችው በ1978 ነው። ሲስተር ያኔ ወጣት እናት ነበሩ። ዜናውን በሬዲዮ ሲሰሙ መኪናቸውን ዳር አቁመው እንዳለቀሱ ነገሩኝና «ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ልክ አይደለም እያልኩ በልቤ እጸልይ ነበር። ወድጄ ተቀምጬ፣ ተቀምጬም አልስማማም ማለትን የተማርኩት ያኔ ነው» አሉኝ። ታዲያ ከፓርቲያቸውም ጋር እንዲሁ ናቸው። ጽንስ ማስወረድ ላይ የሚያምኑት ቤተ ክርስቲያናቸው እንደምታስተምረው ነው። የፓርቲ ስብሰባ ላይ «ሞርሞን» ስለሆኑ የሚያሽሟጥጣቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ዴሞክራት» ስለሆኑ የሚጸልይላቸው አለ። ሁለቱም ጋ ወንበራቸው ዳር ነው።

በዚያ አካባቢ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል። ሲስተር የእሳቸውን ይዘው መጡና እኛ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። አክስቴን «አንቺ መምረጥ አትችይም፤ ግን ስላንቺ ሲወሰን ቁጭ ብለሽ እይ» አሏት። ለማክአዳምስ አጠቆሩ። ለሐሳብ ቁጥር 3 አጠቆሩ። ሐሳብ ቁጥር 2 ላይ ሲደርሱ ግን እስክሪብቶው ቆመ። ካናቢስን ለሕክምና የሚፈቅድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በግልጽ ተቃውማዋለች። ብዙ ቆዩ። ከዚያ በግራ እጃቸው ወረቀቱን ከለሉና «ይቺ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ናት» ብለው አጠቆሩ። እሺ ይበሉ እምቢ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኅዳር 6 ቀን ሐሳብ ቁጥር 3 በ53 በመቶ ገደማ ድምፅ አለፈ። በዚያው ዕለት ያው ዩታ ሪፐብሊካኑን ሚት ሮምኒን በሰፊ ልዩነት ሴናተር አድርጋ መርጣለች። ሮምኒን መርጠው ሜዲኬይድንም የደገፉ ብዙ ሰዎች አሉ ማለት ነው። የማክአዳምስ ውድድር ግን ለሁለት ሳምንት ያህል እየተቆጠረ ከረመ፤ አንድ ቀን እሱ፣ ሌላ ቀን ተፎካካሪው ሚያ ላቭ ይመራሉ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሞርሞኖች ነበሩ። ሪፐብሊካኗ ሚያ ላቭ የሄይቲ ስደተኞች ልጅ፣ ጥቁር ነበረች። ዴሞክራቱ ነጭ ነው። በስም፣ በመልክና በሃይማኖት ድምፅ እቆጥራለሁ ያለ ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡ ይጠፋበታል። መጨረሻ ላይ ማክአዳምስ በ694 ድምፅ አሸነፈ። በ2020 ደግሞ በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ፤ ያሸነፈው በርጀስ ኦውንስም ጥቁር፣ ሞርሞን፣ ሪፐብሊካን ነው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የካቲት 2019 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕዝብ የመረጠውን ሐሳብ በሌላ ሕግ ተካውና ከድህነት ወለሉ በላይ ያሉትን አስቀረ። አክስቴ ከወለሉ በታች ስለነበረች ሚያዝያ ላይ ተመዘገበች። ካርዷ የመጣ ቀን ሮጣ ለሲስተር አሳየቻቸው። እሳቸው አቀፏት፤ ግን ፊታቸው አልፈታም። «ያንቺ መጣ፤ ከመንገድ የቀሩትስ?» አሉ። ለቀሩት የደረሰላቸው በጥር 2020 ነው፤ እኔ ያኔ አገሬ ገብቻለሁ። አክስቴ ዛሬ ኢንሱሊኗን ሳታጎድል ትወጋለች።

ወደ ክፍላችን ልመለስ። ልጁ የተናገረው እንደ አማካይ ቁጥር ትክክል ነው፤ አብዛኛው ሞርሞን ሪፐብሊካንን ይመርጣል፤ ይህን እኔም አልክድም። ቁጥሩ ግን ስለ ብዙኃኑ ይናገራል እንጂ በር ስታንኳኳ ስለምትከፍትልህ ሰው አይናገርም። የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ አመራር ራሱ በሰኔ 2023 ለአሜሪካ ምእመናን በላከው ደብዳቤ፣ ሳያጠኑ በልማድ ብቻ ለአንድ ፓርቲ ድምፅ መስጠት ለዴሞክራሲ አደጋ ነው ብሏል። ሲስተር ይህን ለአክስቴ በስልክ ሲያነቡላት «አያችሁ፣ ዘገየሁ እንጂ አልተሳሳትኩም!» ብለው ሳቁ አሉ።

እኛስ? በየዶርማችን የአንድን ሰው ስምና የትውልድ ቦታ ሰምተን የፖለቲካ አቋሙን በሆዳችን ሞልተን የጨረስንበት ጊዜ ስንት ነው? እኔ «እውነተኛ ነዎት?» ብዬ የጠየቅኳቸው ሴትዮ የአክስቴን መድኃኒት ቀን የቆጠሩ፣ በየቤቱ ዞረው ፊርማ የለመኑላት ሰው ነበሩ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ነው የመጣሁት። አክስቴ አሁንም እሑድ እሑድ ሙቅ ውኃ ታቀርብላቸዋለች፤ በሚቀጥለው ስትደውል ስልኩን ለሲስተር እንድታቀብልልኝ እጠይቃታለሁ።