«አመመኝ» ማለት ሶብር ማጣት አይደለም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላምና እዝነት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ከአፋችን ቀድማ የምትወጣው ቃል «ሶብር አድርግ» የምትለዋ ናት። መልካም ቃል ናት። የልጅ ክርን ሲሰበር ግን በጥንቃቄ ልንናገራት ይገባል፤ በዚህ ስብራት የልጁ ሕመም እጁን የሚያድን ምስክር ሊሆን ይችላልና።

ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊደገፍ ይሞክራል። ኃይሉ ክርኑ ላይ ያርፍና ከክርን ከፍ ብሎ ያለው ስስ አጥንት ይሰበራል። ይህም ይበልጥ የሚደርሰው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። በዚያው ቦታ ወደ እጅ የሚወርደው ትልቅ የደም ሥርና ነርቮች ያልፋሉ። ክንዱ እያበጠ ማሰሪያው ከጠበቀ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቅተዋል፤ ጡንቻውም በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ከዚህ በኋላ ጣቶች ተኮማትረው ይቀራሉ። በአገራችንም ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ አስሯቸው፣ ጋንግሪን ይዟቸው እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ።

የእኛ ልጅ በ7 ዓመቱ ከዘይቱን ዛፍ ሲወድቅ ጎረቤቶቻችን ለመልካም አስበው «ወጌሻ ይጠራ» ብለውን ነበር። እኛ ግን ሆስፒታል ወሰድነው። ራጅ ሲነሣ አጥንቱ ከቦታው መልቀቁ ታወቀ። በማደንዘዣ አስተኝተው አጥንቱን ወደ ቦታው መለሱት፤ በቆዳው በኩል ባስገቧቸው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ካጸኑት በኋላም በጄሶ ደገፉት።

ሐኪሙ ከመፈረማችን በፊት ሁሉን ነግሮን ነበር። ሽቦው የገባበት ቦታ ሊያመረቅዝ ይችላል። በክርን ውስጠኛው በኩል የሚገባ ሽቦ ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደውን ነርቭ ሊነካ ይችላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻላል። አጥንቱ ተጣሞ ከገጠመም ክንዱ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። «ከሁሉ በላይ ግን ሌሊቱን ሕመሙን አድምጡ» አለን።

በዚያች ሌሊት ልጁ ማስታገሻ ቢሰጠውም ለቅሶው አልቆመም። አያቱ «ሶብር አድርግ የኔ ጌታ፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይሉታል። እናቱ ጣቶቹን ቀና ስታደርግለት ጮኸ፤ ስትነካቸውም ቀዝቅዘዋል። ወዲያው ተረኛዋን ነርስ ጠራን። ሐኪሙ መጥቶ ጄሶውንም ከሥሩ ያለውን ጨርቅም እስከ ቆዳው ሰንጥቆ ከፈተው። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቹ ሞቁ፤ ልጁም እንቅልፍ ወሰደው። አልሐምዱ ሊላህ! ሽቦዎቹ በ4ኛው ሳምንት ወጡ፤ ዛሬ በዚያው እጁ ይጽፋል።

ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ.) የሶብር ምሳሌ ናቸው፤ ሆኖም ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው ከመናገር አልተቆጠቡም። እንግዲህ ልጅ ሕመሙን ለወላጆቹ ቢናገር ምን ነውር አለው?

ወላጆች ሆይ! የተሰበረ ክንድ ታስሮም ሆነ በጄሶ ተይዞ ሳለ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሲቃኑ በብርቱ ካመሙ፣ ወይም ሕመሙ በመድኃኒት አልበርድ ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጄሶው ከተፈታ በኋላም ክርኑን አትሹት፤ በግድም አትጠፉት፤ ይህ ይበልጥ ያደርቀዋል። ልጁ እየተጫወተ በራሱ ያላላዋል።

ልጆቻችን አላህ የሰጠን አማና ናቸው። ሶብርን እናስተምራቸው፤ «አመመኝ» ሲሉን ግን እንስማቸው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክልን። አሚን።