ግሪንላንድን ስንከራከር አሰብ መጣችብን

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የድሮ ተማሪዎቼ "ቲቸር ዛሬም ደወል ከተደወለ በኋላ አይለቀንም" እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው።

የፋሲካ ዕለት ከ20 ዓመት ጓደኛዬ ጋር ተኳርፌ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ስሙን አልጠራም። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ትንሽ የሐበሻ ሱቅ አለው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ጀበና፣ ነጠላ ይሸጣል። ባለፈው ምርጫ ትራምፕን መርጧል። እኔ አልመረጥኩም። እሱ በእኔ ያሾፋል፣ እኔም በእሱ አሾፋለሁ፣ ያልፋል። የዘንድሮው ግን በቀልድ አላለፈም።

ዶሮው ተበልቶ ቡና እየተቆላ ነው። ባለቤቱ ሳታስበው ነገሩን ጀመረችው። ለበዓሉ ከአዲስ አበባ በካርጎ ያስመጡት ዕቃ ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ከፍለዋል። በ4,000 ዶላር ዕቃ 400 ዶላር። "ይቺን ከየት አባታችን እናምጣት?" አለች።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ። "ኢትዮጵያ ናት የምትከፍለው ተብሎ አልነበር እንዴ?" አልኩ። ጓደኛዬ የያዘውን ሲኒ አስቀመጠ።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ላብራራ። እኛ "ታሪፍ" ስንል የታክሲ ታሪፍ ነው ትዝ የሚለን። እኔ የማወራው ታሪፍ ግን የጉምሩክ ቀረጥ ነው። ዕቃው አሜሪካ ሲገባ፣ አሜሪካ ያለው አስመጪ ለአሜሪካ ጉምሩክ ይከፍለዋል። የላኪው አገር መንግሥት አምስት ሳንቲም አያወጣም። እርግጥ ላኪው ዋጋ ቀንሶ ሸክሙን ሊጋራ ይችላል፤ አስመጪውም ከትርፉ ሊችለው ይችላል። ካልሆነ ገዢው ላይ ይወርዳል። እንግዲህ ያቺ 400 ዶላር ከጓደኛዬ ኪስ ወጥታ ዋሽንግተን ገባች ማለት ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ እኔ ከምገዛው በርበሬ ላይ ልትለቀም ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ትራምፕ ለዓለም ሁሉ ለማለት ይቻላል 10 በመቶ፣ ለብዙ አገሮች ደግሞ ከዚያ በላይ ቀረጥ አወጁ። ኢትዮጵያ 10 ደረሳት። ሌሶቶ 50! ሰው የማይኖርባቸው፣ ፔንግዊን ያለባቸው ደሴቶች እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። ሳምንት ሳይሞላ ከቻይና በስተቀር የአብዛኛው ከ10 በላይ የሆነው ለ90 ቀን ታገደ። የቻይናው 145 በመቶ ሲደርስ ቻይናም በ125 መለሰች።

"ሌሶቶ ምን አድርጋ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ለአሜሪካ ትሸጣለች፣ ከአሜሪካ ግን አትገዛም" አለኝ።

ስሌቱ በእርግጥም ይኸው ነበር። አሜሪካ ከአንድ አገር ጋር ያላትን የንግድ ጉድለት ወስደህ፣ ከዚያ አገር በምታስገባው ዕቃ ዋጋ ታካፍላለህ፣ ያገኘኸውን በግማሽ ትቆርጣለህ። አለቀ። ሌሶቶ ጂንስ ሰፍታ፣ አልማዝ ቆፍራ ትሸጣለች። ድሃ ስለሆነች ከአሜሪካ ብዙ የምትገዛበት አቅም የላትም። ድህነቷ እንደ ስርቆት ተቆጠረባት።

ይህን ስናገር የጓደኛዬ ባለቤት ከምጣዱ ቀና ብላ "አንተ በየሳምንቱ ከእኛ ሱቅ ትገዛለህ፣ እኛ ካንተ ምን ገዝተን እናውቃለን? ዘረፍንህ ማለት ነዋ!" አለች። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን በሳቅ የሚፈታ ሰው አይደለም።

ክርክሩን አሳንሼ ባቀርብ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ጓደኛዬ ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ "ባልቲሞር አጠገብ ስፓሮውስ ፖይንት የሚባለውን የብረት ፋብሪካ ታውቀዋለህ። በደጉ ዘመን 30,000 ገደማ ሠራተኛ ነበረው። በ2012 ተዘጋ። ያ ሁሉ አባወራ የት እንደደረሰ እናንተ የተማራችሁት አልጠየቃችሁም። እሱ ጠየቀ።"

ሁለተኛ፣ "አገራችን አሮጌ መኪና ለማስገባት ከመኪናዋ ዋጋ የሚበልጥ ቀረጥና ታክስ አይደል ይከፈል የነበረው? ያኔ ኢኮኖሚክስህ የት ነበር?"

ሦስተኛዋ አመመችኝ። "እ.ኤ.አ. በ2022 መግቢያ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ያስወጣት ባይደን ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የነበሩት ልጆች ሥራ ሲያጡ እንደዚህ ተንገብግበሃል?"

አልተንገበገብኩም። አንድ ሁለት መስመር ጽፌ አልፌዋለሁ።

ስለዚህ ያመንኩትን አመንኩለት። ቀረጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ደሴ 11ኛ ክፍል ሳለሁ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ፦ ጀማሪ ኢንዱስትሪ እንደ ችግኝ ነው፣ እስኪጠና አጥር ይፈልጋል። አሜሪካ ራሷ በእነ አሌክሳንደር ሃሚልተን ዘመን ይህን ብላለች። ለረጅም ጊዜም የፌዴራል መንግሥቷ ዋና ገቢ ጉምሩክ ነበር።

አጥር ስትሠራ ግን ውስጡ ችግኝ መኖር አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ቡና አይበቅልም። ከሃዋይና ከፖርቶ ሪኮ ጥቂት ማሳዎች በቀር አሜሪካ ቡና የላትም ለማለት ይቻላል። በይርጋጨፌ ቡና ላይ ቀረጥ ቢጫን የትኛው የአሜሪካ ገበሬ ነው የሚጠቀመው? ደግሞ ፋብሪካ የሚተክል ሰው አምስትና አሥር ዓመት አርቆ ያስባል። ረቡዕ ታውጆ በሚቀጥለው ረቡዕ የሚታገድ ቀረጥ ላይ ማን ገንዘቡን ያፈሳል? በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የኮንግረስ ነው። ፕሬዚዳንቱ ግን በ1977 የወጣ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ጠቅሰው ብቻቸውን ነው ያወጁት። የሐዋሳዎቹን ልጆች የጎዳውም ውሳኔ ከአንድ ቢሮ የወጣ ነበር። ያን ጊዜ አለመጮኼ ጥፋቴ ነው፤ ዛሬ ዝም እንድል ግን አያደርገኝም።

እስከዚህ ድረስ ጨዋ ክርክር ነበር። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግሪንላንድን አነሳሁ።

"ቀረጡስ ይሁን፤ የሰው አገር ልግዛ፣ ካልሸጣችሁልኝ ደግሞ ጦር አልጠቀምም አልልም ማለት ምን የሚሉት ነው?" አልኩ። ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ጥር 7 ቀን 2025 (በፈረንጆቹ) በሰጡት መግለጫ ስለ ግሪንላንድና ስለ ፓናማ ቦይ ተጠይቀው ኃይል አልጠቀምም ለማለት ፈቃደኛ አልሆኑም። ዴንማርክ እንቢ ካለች ከባድ ቀረጥ እጥልባታለሁ ያሉትም በዚያው መግለጫ ነው። ልብ በሉ፤ በርበሬያችን ላይ የመጣው ቀረጥና የሰው መሬት ጥያቄው የአንድ እጅ ሥራ ናቸው።

ጓደኛዬ ታሪክ ያነባል። "አላስካን በ1867 በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ሲገዙ ሰው ስቆባቸው ነበር። ዛሬ ማን ሳቀ?" አለኝ። "ደግሞ ዴንማርክስ ግሪንላንድን ከየት አመጣቻት? ቅኝ ገዝታ አይደለም?"

ልክ ነው፣ ቅኝ ገዝታ ነው። የአላስካ ነባር ሕዝብም በሽያጩ ቀን የጠየቀው አልነበረም። ዛሬ ግን ግሪንላንድ 57,000 የሚጠጋ ሕዝብ አላት። በ2009 የወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ፣ ነፃ እንውጣ ካሉ የመወሰን መብቱ የእነሱ እንደሆነ ይላል። በ2025 መጀመሪያ በወጣ የሕዝብ አስተያየት 85 በመቶው አሜሪካን መቀላቀል አንፈልግም ብሏል። ለጸጥታ ነው እንዳይባል፣ አሜሪካ ከ1951 ጀምሮ በስምምነት እዚያው የጦር ሰፈር አላት። እንዲያውም በ1917 የዴንማርክን የካሪቢያን ደሴቶች በ25 ሚሊዮን ዶላር ስትገዛ፣ ዴንማርክ መላ ግሪንላንድን ብታስተዳድር እንደማትቃወም በጽሑፍ አረጋግጣ ነበር። "የፈረምከውን ወረቀት ቀድደህ ጎረቤትህን በጉልበት ልውረስህ ማለት ውንብድና ነው" ብዬ ደመደምኩ። ድምፄም ከፍ ብሏል።

ጓደኛዬ መልስ አልሰጠኝም። ስልኩን አወጣ። ወደ ላይ ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ አደረገና መነጽሩን አድርጎ አነበበልኝ፦

"አሰብ የእኛ ናት። በልመናም ይሁን በጉልበት ትመለሳለች።"

የኔው ጽሑፍ ነው። ጥቅምት 2016፣ የባሕር በር ጉዳይ በይፋ የተነሳ ሰሞን፣ እዚሁ ገጽ ላይ የለጠፍኩት። ከናንተም ብዙዎቻችሁ ልብ አድርጋችሁበታል። አላጠፋሁትም፣ እዚያው አለ።

ምን ልበላችሁ፣ ደነገጥኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አሰብ ለኔ የካርታ ነገር ብቻ አይደለችም። አባቴ የኤንትሬ ሾፌር ነበር። ከደሴ ተነስቶ፣ ባቲን ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ፣ በቡሬ አድርጎ አሰብ ይገባል። ሲመለስ ልብሱ ጨው ጨው ይላል። ልጅ ሆኜ ባሕር ማለት የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ይመስለኝ ነበር። ያን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ሸሚዝ ናፍቆት ነው።

ግን ቡሬ ላይ ሌላም ትዝታ አለኝ፤ ያን ዕለት ስጽፍ አላስታወስኩትም። ወይም ማስታወስ አልፈለግኩም። በ1991 ከክፍሌ ተነስተው ከዘመቱት ልጆች ሦስቱ ቡሬ ግንባር ተመደቡ። ሁለቱ አልተመለሱም። የዚያ ዘመን ተማሪዎቼ ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። የአንደኛው እናት መርዶው ከተነገራት በኋላ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ካርታ አይታ "መምህር፣ ልጄ የቀረበት ቦታ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ጣቴን ሳላነሳ ብዙ ቆየች።

እና እኔ ነኝ "በጉልበት" ብዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋ ላይ ተቀምጬ የጻፍኩት።

ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ሁለት ውቅያኖስ ይዛ ነው ሦስተኛ ነገር የምትመኘው። እኛ ከ90 በመቶ በላይ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ፣ በር የተዘጋብን ትልቅ ሕዝብ ነን። የባሕር በር ያስፈልገናል፤ ዛሬም አምናለሁ። ግን "ያስፈልገናል" የሚለው ቃል ራሱ የትራምፕ ቃል ነው። ግሪንላንድ ለደኅንነታችን ያስፈልገናል ነው የሚሉት። የኔ መፈለግ ለድርድር እንድቀመጥ ምክንያት ይሆነኛል እንጂ የሌላውን ባለቤትነት አይሰርዝም። በኪራይ፣ በሽርክና፣ በልዋጭ፣ በትዕግሥት ይፈለግ። ይህን ለኑክ ሰው ካልኩ ለአሰብ ሰውም ልል ነው። ካላልኩ ዝም ማለት አለብኝ።

ይህን ሁሉ ያኔ አልተናገርኩም፣ አፌ ደርቆ ነበር። ከቆይታ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። "በ2013 ጥቅምት፣ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ብለው ትራምፕ የተናገሩ ቀን፣ አንተና እኔ ምን ሆነን ነበር?"

በንዴት እንቅልፍ አጥተን፣ እስከ ሌሊቱ በስልክ ስናወራ ነበር ያደርነው። "ትልቅ ስለሆነ ብቻ እንዲህ ይላል?" ያለው እሱ ነው። አስታወሰ። ሲኒውን አነሳና "እሱስ ልክ ነህ" አለ። ከዚያ በላይ አላለም፤ እኔም አልገፋሁትም። ባለቤቱ ሁለታችንንም አየችንና "ቶናው ቀዘቀዘ እኮ" ብላ በረካውን ቀዳችልን።

እሱ ሐሳቡን አልቀየረም። ነገ ምርጫ ቢኖር አሁንም የሚመርጠውን ይመርጣል። እኔም ስለ ቀረጡ ያልኩትን አላጠፍኩም። ግን ሁለታችንም በአንድ ቀን አንድ አንድ ጊዜ ዝም አልን፤ በ20 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያችን መሰለኝ።

ስወጣ ግማሽ ኪሎ ቡና በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። ስጦታ መስሎኝ አመሰገንኩ። "ቀረጡን ጨምረህ ክፈል" አለኝ። ከፈልኩ።

በ2016 ጥቅምት የጻፍኩትን አላጠፋውም፤ ሥሩ ግን ዛሬ የዚህን ጽሑፍ ማያያዣ አስቀምጣለሁ። ያኔ ልብ ያደረጋችሁበት ልጆቼ፣ ዛሬ ምን እንደምትሉ መስማት እፈልጋለሁ። በአሰብ ጉዳይ "ተሳስተሃል፣ ጉዳዩ ይለያል" የምትሉም ጻፉልኝ፤ ምክንያታችሁን አስቀምጡ፣ አነባለሁ። ጓደኛዬም ያነባል፣ አውቀዋለሁ። ስድብ ግን አጠፋለሁ፤ ኤርትራውያን ተማሪዎችም ጓደኞችም እዚህ አሉኝ።