ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የሐጅ ዩሱፍ ነዋሪ ጆሮ ሳይወድ በግዱ ብዙ ተምሯል። ከጥቁር ዓባይ በስተ ምሥራቅ በተንጣለለው በዚህ ሰፈር ክላሹን ከዱሽካው፣ ዱሽካውንም ከመድፉ በድምፁ ለመለየት ወታደር መሆን አላስፈለገም። ጆሮ ይህን ሁሉ ሲማር እጅ ግን ምንም አልተማረም። የሱዳን ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2025 የካርቱም ግዛት በሙሉ ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መጽዳቱን ካስታወቀ በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ሰው የሚጠብቀው የተዘረፈ ጓዳና የተሰነጠቀ ግድግዳ ብቻ አይደለም። ተኳሽ ሲሄድ ያልፈነዳ ፈንጂ፣ የተጣለ ጥይት፣ አንዳንዴም ጠመንጃው ራሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ያንን ብረት በመጀመሪያ የሚያነሣው እጅ የልጅ እጅ ሊሆን ይችላል።

በሁለት ቋንቋ መካከል ለሚኖር ሐበሻ ነገሩ ከስሙ ጀምሮ ያደናግራል። አማርኛ «ጠመንጃ»፣ በቀድሞው አጠራር «ጠበንጃ»፣ የሚለው ረጅሙን መሣሪያ ነው። በሱዳን ዓረብኛ ግን «ጠበንጃ» ሽጉጥ ነው። በጓሮው ስላገኘው ረጅም ጠመንጃ ለፖሊስ የሚያስረዳ ሰው በአንዲት ቃል ምክንያት ሽጉጥ ደብቋል ሊባል ይችላል። የእርሳስ ፍሬ የሚበትነውን የአደን ጠመንጃና ጥይቱን ደግሞ ካርቱም «ኸርቱሽ» ይለዋል፤ ቃሉ «ካርቱሽ» ከሚለው የፈረንጅ ቃል የመጣ ነው። ከኦክቶበር 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በነበሩት የተቃውሞ ሰልፎች በዚህ ጥይት የቆሰሉ ወጣቶች ወደየሆስፒታሉ መወሰዳቸውን የሱዳን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ስላስታወቁ ስሙ ለከተማዋ ሰው እንግዳ አይደለም።

አማርኛ በበኩሉ ለጠመንጃ አፍ ሰጥቶታል። ጫፉ አፈሙዝ ነው፤ ጥይት ሲገባበት «ጎረሰ» ይባላል፤ ባዶውን ቀለሃ ደግሞ ይተፋል። ጉርሻ በሐበሻ ማዕድ የፍቅር ምልክት ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄድ፣ አጉራሽና ጎራሽ ተያይተው የሚፈጸም ነገር ነው። ቃሉ ወደ ጠመንጃ ሲሻገርም ይህን ትርጉሙን አልጣለም። «ጠመንጃው ጎርሷል» ሲባል አንድ አጉራሽ አለ፣ ያም አጉራሽ ያደረገውን ያውቃል ማለት ነበር።

ቃሉ በወጣበት ዘመን ይህ እውነት ነበር። ከእንግሊዝ የመጣው ስናድርና «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ተጣሞ የተወለደው ውጅግራ ሁለቱም አንድ ጊዜ ተኩሰው ባዶ የሚቀሩ ነበሩ። ተኳሹ ቀለሃውን አውጥቶ ሌላ ጥይት በገዛ ጣቱ ካላጎረሰው በቀር መሣሪያው ከእንጨትና ከብረት የተሠራ ዱላ ነው። ኋላ የመጡት ምንሽርና ቤልጅግ ብዙ ጥይት ቢይዙም ለእያንዳንዱ ተኩስ ማቀባበያውን የሚስበው የሰው እጅ ነበር። እጅ ስለሠራ ልብ ያስታውሳል። «ተኩሻለሁና ባዶ ነው» የሚለው የአባቶች ሒሳብ ለውጅግራ ትክክል ነበር።

ይህን ሒሳብ ያፈረሰው ሰው አሜሪካዊው ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው። በራሱ ኃይል ራሱን የሚያጎርስ የአደን ጠመንጃ ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1900 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በክፍያው ጉዳይ ከዊንቸስተር ፋብሪካ ጋር ሳይስማማ ቀረ፤ ወደ ሬሚንግተን ሄዶም የኩባንያውን ፕሬዚዳንት ሊያነጋግር ደጅ ሲጠብቅ ሰውየው በልብ ሕመም በድንገት ሞቱ። ብራውኒንግ ባሕር ተሻግሮ ቤልጅግ ወረደ፤ በሊዬዥ አጠገብ የሚገኘው የኤፍ ኤን ፋብሪካም ጠመንጃውን ማምረት ጀመረ። በኢትዮጵያ «ቤልጅግ» ተብሎ ስም ያወጣው ጠመንጃ የተሠራውም በዚያው ፋብሪካ ነው። ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1926 በዚያው በሊዬዥ በሥራ ላይ ሳለ ሞተ። አዲሱ ጠመንጃ «አውቶ 5» የተባለው አምስት ጥይት ስለሚይዝ ነው፤ አራቱ ከአፈሙዙ ሥር በተጋደመው ቱቦ፣ አምስተኛው በጉሮሮው።

አሠራሩ ለዓይን አይታይም። ጥይቱ ሲተኮስ አፈሙዙና መዝጊያው ተያይዘው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። አፈሙዙ ቀድሞ ወደ ቦታው ሲመለስ ባዶው ቀለሃ ይወረወራል፤ ከቱቦው አዲስ ጥይት ይነሣል፤ መዝጊያው ወደ ፊት እየገፋ ያጎርሰዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ በባሩዱ ጋዝ ግፊት የሚሠሩ ናቸው፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ተኳሹ ዓይኑን ከመግለጡ በፊት ጠመንጃው እንደገና ጎርሷል። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ለእያንዳንዱ ተኩስ ምላጩ እንደገና መሳብ ስላለበት ነው። ማጉረሱ ግን ከሰው እጅ ወጥቷል፤ ምስክርነቱም አብሮ ወጥቷል። በውጅግራ ዘመን ተኩስ የባዶነት ምልክት ነበር፤ በዚህኛው ግን ተኩስ የመጉረስ ምልክት ነው።

አደጋውን የሚያባብሰው ደግሞ ከብረቱ ይልቅ የሐበሻ ጨዋነት ነው። በመተማ ቆላ በሰሊጥ እርሻ ላይ ሁለት ጠባቂዎች ንጋት ላይ ሲቀያየሩ ይታሰብ። ሽማግሌው መሣሪያውን ያቀብላሉ፤ ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል። «ባዶ ነው፣ አይዞህ» ይላሉ። «እሺ ጋሼ» ይላል። በዚህች ቅጽበት ወጣቱ መዝጊያውን ከፍቶ ቢያይ የታላቁን ቃል የተጠራጠረ፣ በፊታቸውም የደፈራቸው ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሳያይ ትከሻው ላይ ያነግተዋል። ሽማግሌው አልዋሹም፤ ከቱቦው ያሉትን ጥይቶች በእጃቸው አውጥተዋል። በጉሮሮው የቀረውን አንዱን ግን ያጎረሰው ጠመንጃው እንጂ እርሳቸው ስላልሆኑ አላስታወሱትም። ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው፤ የሚገድለውም በመካከላቸው ያለው ይሉኝታ ነው።

ስለዚህ የዚህ መሣሪያ የመጀመሪያ ሥርዓት ማንም ምንም ቢል እንደጎረሰ መቁጠር ነው። ሲነሣ፣ ሲቀበሉት፣ ሲያጸዱትም አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ቢወጣ ወደሚውጥ መሬት ይዞራል። ጣት ከምላጩ ቀለበት ውጭ ይቆያል። የምላጩ መቆለፊያ ይዘጋል፤ ይሁን እንጂ መቆለፊያ ሊያረጅና ሊበላሽ የሚችል ቁራጭ ብረት ስለሆነ እርሱን ተማምኖ አፈሙዝን ወደ ሰው ማዞር አይገባም።

ባዶ የማድረጉ ነገር ቅደም ተከተል አለው። ተነቃይ ካዝና ያለው መሣሪያ ከሆነ በመጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፤ ከዚያ መዝጊያው ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም መዝጊያው ተስቦ ካዝናው በኋላ ከተነቀለ፣ መዝጊያው ሲመለስ ሌላ ያጎርሳል፤ ሰውየውም አንድ ጥይት በዓይኑ ሲወጣ ስላየ ባዶ ያደረገ ይመስለዋል። ቱቦ ያላቸው የአደን ጠመንጃዎች አከፋፈት እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ የእያንዳንዱን መመሪያ ማወቅ ግድ ነው። ለሁሉም የጋራ የሆነው ግን የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው፤ መዝጊያው ተከፍቶ ጉሮሮውም ቱቦውም በዓይን ይታያሉ፤ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣት ይዳሰሳሉ። ባዶ መሆኑን ለማወቅ ምላጭ መሳብ ከልማዶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ጥያቄውም መልሱም በአንድ ጊዜ ይወጣሉና።

ጥይቱም የራሱ ወጥመድ አለው። የአደን ጠመንጃ ስፋት የሚለካው በጥንት ሚዛን ነው። ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም ገደማ እርሳስ፣ 12 እኩል ድቡልቡል ኳሶች ቢሠሩ የአንዱ ኳስ ስፋት የባለ 12 ቁጥር አፈሙዝ ስፋት ነው፤ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል። ቁጥሩ ሲበዛ ስፋቱ ይጠባል፤ ባለ 20 ቁጥሩ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሰው ተሳስቶ የ20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ቢያስገባ ጥይቱ ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል። ጉሮሮው ባዶ ይመስላል። ከኋላው ትክክለኛው ጥይት ገብቶ ሲተኮስ አፈሙዙ በተኳሹ እጅ ላይ ይፈነዳል። የ20 ቁጥር ጥይት ልባስ ብዙውን ጊዜ ቢጫ የሚደረገው ይህን ለመከላከል ነው፤ ስለዚህም የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ጥይቶች በአንድ ኪስ መያዝ አይገባም።

ካርቱም ደግሞ ሀቡብ አላት። ያ ሰማዩን የሚያጠቁር የአቧራ ማዕበል በር ዘግተው የተቀመጡትን ሰዎች ማዕድ ቤት እንኳ የሚገባ ከሆነ ወደ መዝጊያና ወደ አፈሙዝ ለመግባት አይቸግረውም። ብዙዎቹ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች የመጨረሻው ጥይት ሲወጣ መዝጊያቸው ተከፍቶ ይቀራል፤ አቧራ የያዘው ማንሻ ግን ይህን ምልክት ላይሰጥ ይችላል። በአፈሙዙ የተደፈነ ጭቃም ልክ እንደተሰነቀረው ጥይት አፈሙዙን ሊያፈነዳ ይችላል። ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ዝም ካለም ወዲያው መክፈት አይገባም፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መታገሥ ያስፈልጋል።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ምሳሌ ለንግግር የተነገረ ቢሆንም ከአፈሙዝ ለሚወጣውም ይሠራል። ለወፍ አደን የሚሆነው ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ 200 ሜትር ገደማ፣ ለትልቅ አውሬ የሚሆነው ወፍራሙ ፍሬ ደግሞ 600 ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል። ከዒላማው ይልቅ ከዒላማው በስተኋላ ያለው መታየት አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የሐጅ ዩሱፍ ቤቶች ግን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ በዚያ ሰፈር ከኋላው ማንም የሌለበት ዒላማ የለም። በጎንደር ሠርግና ለቅሶ፣ በሱዳን ደግሞ በደስታ ቀን ወደ ሰማይ መተኮስ የተወደደ ልማድ ቢሆንም ሰማይ ጥይትን አያስቀርም፤ የወጣው ሁሉ የሚወርደው በአንድ ሰው ግቢ ነው።

በቤቱ ወይም በአጥሩ ሥር ጠመንጃ ያገኘ ሰው ከላይ የተነገረው ሁሉ ለእርሱ አይደለም። ለእርሱ የሚበጀው አለመንካት ነው። ማን እንዳጎረሰው፣ መቼ እንደጎረሰ፣ ሥሩ ምን እንደተያያዘበት አይታወቅም። ልጆችን አርቆ፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ፣ ለፖሊስ ወይም ለፈንጂ አምካኞች ማስታወቅ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ከልክለዋል። በሰው አገር ለሚኖር ደግሞ ለራሱ መጠበቂያ ብሎ የደበቀው ብረት መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ራሱን ነው። ፈቃድ ኖሮት በቤቱ የሚያስቀምጥም ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ይቆልፍበታል፤ ጥይቱንም በሌላ ቦታ ይቆልፍበታል። የአያቶች ጠመንጃ ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይውል የነበረው ጥይቱ በአያት ወገብ ላይ በዝናር ታጥቆ ስለሚውል ነበር።

ለልጅ ግን ረጅም ትምህርት አያስፈልገውም፤ ሦስት ቃል ይበቃዋል፤ አትንካ፣ ራቅ፣ ለትልቅ ሰው ንገር። ለአዋቂው ከዚህ የሚከብደው ይሉኝታን ማሸነፍ ነው። «ባዶ ነው» እያለ የሚያቀብል ሁሉ ከማቀበሉ በፊት መዝጊያውን ከፍቶ ቢያሳይ፣ የሚቀበለውም ታላቁ ቢያሳዩትም እንኳ ራሱ ደግሞ ቢያይ፣ ይህ መጠራጠር ሳይሆን መከባበር ነው። ሽማግሌውም «እስቲ አንተም እየው» ቢሉት ክብራቸው አይቀንስም፤ ወጣቱም ከማፈር ይድናል። ጉርሻ የሚያምረው አጉራሽና ጎራሽ ሲተያዩ ነው፤ ራሱን ለሚያጎርሰው ብረት ግን የሚያየው ሰው ብቻ ነው።